ሁለት ለመሆን

ሁለት ቡችላ በአንድ ቀን ወደ ቤቱ የሚያስገባ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው በርኅራኄ ነው። አንዷን ብቻዋን ከእናቷ ጉያ ነጥቆ መውሰድ ይከብደዋል፤ ሌሊት ስታላዝን ማን ያጽናናታል ብሎ ያስባል፤ እኔ ሥራ ስውል እርስ በርስ ይጫወታሉ ይላል። አዲስ አበባ ላይ ሌላም ምክንያት ይጨመራል። ግቢ ያለው ሰው ውሻ የሚፈልገው ለጥበቃ ስለሆነ፣ አንዷ ዋናው በር ላይ ስትጮህ ሌላዋ የጓሮውን አጥር እንድትይዝለት ይመኛል። በዚህ ላይ ውሻዋ የወለደችባት ጎረቤት "ሁለቱንም ውሰድልኝ፣ ከተለያዩ ያዝናሉ" ካለችው ነገሩ ያልቃል። ዳማና ኩሌ ወደ ግቢያችን የመጡት በዚሁ መንገድ ነው። የአንድ እናት፣ የአንድ ሌሊት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ሴቶች። ስማቸው ከመልካቸው ወጣ፤ አንዷ ዳማ ናት፣ የሌላዋ ዓይኖች ዙሪያቸውን በጥቁር የተከበቡ ናቸው።

በዚህ ርኅራኄ ሥር ግን ያልተመረመረ እምነት አለ። አብሮ የተወለደ አብሮ መኖርን ያውቃል የሚል እምነት ነው። ስለ ሰው ልጆችም ብዙዎቻችን እንዲህ እናስባለን፤ ወንድማማች ቢጣላም ደም ያስታርቀዋል እንላለን። የቃየልንና የአቤልን ታሪክ ያልሰማ ሰው ግን በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ቤት አይገኝም። የመጀመሪያው የሰው ደም የፈሰሰው በወንድም እጅ ነው። ዔሳውና ያዕቆብም ገና በርብቃ ማሕፀን ሳሉ ይገፋፉ ነበር። አባቶቻችን ሲያነቡት የኖሩት መጽሐፍ አብሮ መወለድን ለሰላም ዋስ አድርጎ አላቀረበውም። እኔም ሁለት እህትማማች ቡችሎች ሲያድጉ ቀርቤ በማየቴ ያገኘሁት ሐሳብ ከዚህ ይነሣል። አብሮነት ሁለት ያስፈልገዋል፤ አንድ ላይ የተወለዱ ደግሞ ገና ሁለት አይደሉም። ሁለት መሆንን መማር አለባቸው፣ ትምህርቱም ያለ አሳዳጊው ድካም አይገኝም።

ቡችላ ሲወለድ አያይም፣ አይሰማም። ዓይኑ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ይከፈታል፤ ጆሮው ጥቂት ቆይቶ መስማት ይጀምራል፤ ሦስተኛው ሳምንት ካለፈ በኋላ ልፊያ ይመጣል። ልፊያን እንደ ዋዛ የሚያየው ሰው አንድ ትልቅ ነገር ያመልጠዋል። 28ቱ የወተት ጥርሶች ቀጫጭንና ሹል ናቸው፣ የሚይዛቸው መንጋጋ ግን ገና ደካማ ነው። ከልኩ አልፎ የነከሰ ቡችላ የተነከሰው ሲጮህ ይሰማል፣ ጨዋታውንም ጥሎበት ሲሄድ ያያል። ከብዙ እንዲህ ያለ ቅጣት በኋላ አፉን ይመጥናል። በስድስተኛውና በሰባተኛው ወር 42 ቋሚ ጥርሶች በጠነከረ መንጋጋ ላይ ተተክለው ሲያበቁ፣ የተናደደ ውሻ ቆዳ ሳይቀድ እንዲለቅቅ የሚያደርገው ያኔ በሕፃንነቱ የተማረው ልክ ነው። ስለዚህ ሁለት ቡችሎች ሲላፉ ባየሁ ቁጥር ሮጦ ማላቀቅ ተገቢ አይመስለኝም። እዚያ ትቢያ ላይ የሚሠራው ሥራ እኔ ልሠራላቸው የማልችለው ነው።

በልፊያ ውስጥ ደግሞ ከሁሉ የሚያስደንቀኝ አንድ እንቅስቃሴ አለ። ቡችላዋ የፊት እግሮቿን ትዘረጋለች፣ ደረቷን መሬት ታስነካለች፣ ኋላዋን ወደ ላይ ታነሣለች። አሜሪካዊው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ማርክ ቤኮፍ ይህን እንቅስቃሴ ለብዙ ዓመታት አጥንቶታል። በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ እንዳሳየው፣ ውሾችና ዘመዶቻቸው ጎንበስ የሚሉት በዘፈቀደ አይደለም። ጭንቅላትን ግራና ቀኝ እያራገፉ መንከስ ያደነውን እንስሳ መግደያ ነው፤ በጨዋታ መካከል ሲመጣ በቀላሉ ሊያሳስት ይችላል። ጎንበስ ማለቱ እንዲህ ካለው ንክሻ ትንሽ ቀደም ብሎ ወይም ወዲያው ተከትሎ በብዛት ይታያል። ይህች ትንሽ ፍጥረት ቃል ሳይኖራት ቃል ትገባለች ማለት ነው። አሁን የማደርገው የሚመስለውን አይደለም፣ ጥርሴን ስታዪ አትፍሪ እያለች ነው። እህቷም ታምናታለች። ጠንካራዋ ደግሞ በፈቃዷ ጀርባዋ ላይ ተኝታ ደካማዋ እንድትወጣባት ትፈቅዳለች፤ ይህ ካልሆነ ጨዋታው እንደማይቀጥል ታውቃለች። ማንም ያላስተማራት ፍትሕ ይህን ያህል ይሄዳል።

ከዚያ በላይ ግን አይሄድም። በቡችላነት የተገባው ቃል ለጨዋታ የተገባ ነው፤ የእውነት የሚፈለግ ነገር ሲመጣ አይጸናም። ብዙ ሰው ጠብ በምግብ ይነሣል ብሎ ይጠብቃል፣ በብዙ ቤትም ይነሣል። እኛ ግቢ ግን የተቀቀለ ሳንባ በሁለት ሳህን ሲቀርብ ሰላም ነበር። ጠቡ የነበረው በር ላይ ነው። የብረት በሩ ተከፍቶ እኔ ስገባ ሁለቱም ጅራታቸውን እየቆሉ ይሮጣሉ፤ ትከሻ ለትከሻ ይጋጫሉ፤ አንዷ አገጯን በሌላዋ ጀርባ ላይ ታሳርፋለች። በዚያች ቅጽበት ሰውነት ይደርቃል፣ ጅራት ወደ ላይ ይቆማል፣ ዓይን ይፈጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ድምፅ ለሰሚው የሚያስደነግጥ ነው።

በአሜሪካ የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሐኪሞች በአንድ ቤት እየኖሩ የሚጣሉ 38 ጥንድ ውሾችን መርምረው ውጤቱን በ2011 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። አብዛኞቹ ጥንዶች ተመሳሳይ ፆታ ያላቸው ነበሩ፤ በአብዛኞቹም ውስጥ ሴት ውሻ አለች። ጠብ ከሚቀሰቅሱት ነገሮች መካከል ምግብ አለ፣ ከመሬት የተነሣ ዕቃ አለ፣ ግርግርና ድንገተኛ ደስታም አለ። የባለቤቱ ትኩረትም እዚያው ተመዝግቧል። ባለቤቱ ራሱን ከጠቡ ውጭ የቆመ አስታራቂ አድርጎ ያስባል። ውሾቹ ግን የሚያዩት ሌላ ነው፤ እሱ በሁለቱ መካከል የወደቀው አጥንት ነው። ይህን መቀበል ለሚወዳቸው ሰው ቀላል አይደለም፤ ፍቅሩ ራሱ የጠቡ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ማመን አለበትና።

ታዲያ ምን ያድርግ? የመጀመሪያው ሐሳብ እኩል ማድረግ ነው። ለአንዷ እጁን ሲዘረጋ ለሌላዋም፣ ለአንዷ ሲቆርስ ለሌላዋም፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ መጠን። ይህ መልካም ልብ ነው፤ ነገር ግን ሰው የሚለካውን ውሻ አይለካም። ፍሪደሪከ ራንገና ባልደረቦቿ በቪየና አንድ ቀላል ሙከራ አድርገው በ2009 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ሁለት ውሾች ጎን ለጎን ተቀምጠው እግር እንዲሰጡ ይጠየቃሉ። አንዱ ብቻ ሽልማት ሲያገኝ፣ ያላገኘው ቀስ በቀስ እግሩን መስጠት ያቆማል፤ ይጨነቃል፣ ፊቱን ያዞራል። አንዱ ዳቦ ሌላው ቋሊማ ሲያገኝ ግን ዳቦ የደረሰው አልተቀየመም። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ስለ ልጆች፣ ስለ ርስት፣ ስለ ወንድማማቾች ክርክር የማውቀው ብዙ ነገር ትዝ አለኝ። ውሻው የሚጎዳው የሌላው ድርሻ በመብለጡ አይደለም፤ እሱ በመረሳቱ ነው። ስንፍና ሆኖበት ሳይሆን ምክንያት አጥቶ ነው እግሩን የሚሰበስበው።

እንግዲህ መሥራት ያለበት ተራ ነው። ተራ ከእኩልነት የተለየ ነገር ነው፤ አሁን ያንቺ አይደለም፣ ይመጣልሻል የሚል እምነት ይጠይቃል። እኛ ዘንድ ይህ የሚሠራው በስም ነው። ዳማ ስትጠራ ለዳማ ይሰጣታል፣ ኩሌ ባለችበት ትቆያለች፤ ቀጥሎ ኩሌ ትጠራለች። መጀመሪያ ሁለቱም በአንድ ስም ይነሣሉ። ቀን እየቆየ ሲሄድ አንዷ የእህቷን ስም ሰምታ ሳትነሣ ትቀራለች፤ ጆሮዋን ብቻ ታዞራለች። የሌላውን ስም ያለ ፍርሃት መስማት ትልቅ ደረጃ ነው። ዕድሜ ልካቸውን እዚያ ያልደረሱ ሰዎች አሉ፤ ወንድማቸው በተመሰገነ ቁጥር ከእነሱ አንድ ነገር የተወሰደባቸው ይመስላቸዋል።

ይህ ሁሉ ከጠቡ በፊት የሚሠራ ሥራ መሆኑን ልብ ይሏል። ከጠቡ በኋላ ዳኝነት ብዙ ፋይዳ የለውም። በእኛ አገር ሁለት ሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ሁለቱም በየተራ ይናገራሉ፣ የበደለ ይክሳል፣ የተበደለ ይቅር ይላል። የሽምግልና ኃይሉ የተጣሉት የሆነውን መተረክ በመቻላቸው ነው። ውሾች የሚተርኩት የላቸውም። በጩኸቱ የወጣ ሰው የሚያየው መጨረሻውን ነው፤ ከላይ ያለችውን አጥቂ፣ ከታች ያለችውን ተጠቂ አድርጎ ይፈርዳል። ከታች ያለችው ግን ከአፍታ በፊት ዓይኗን አፍጥጣ እህቷን በር ላይ መንገድ የዘጋችባት ልትሆን ትችላለች። ጠብ የነበረው በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው፤ እኛ የምንሰማው ፍጻሜውን ነው። ፈርዶ የሚመታ ሰውም ለአንዷ በደል ይጨምርባታል፤ ሁለቱም ደግሞ እህት አጠገብ ስትሆን ዱላ እንደሚመጣ ይማራሉ።

ስለዚህ ጸጥታውን ማንበብ መቻል ከሁሉ ይበልጣል። የግቢያችን ጥበቃ በሰሜን ሸዋ ገጠር ከብት ሲጠብቁ ያደጉ አዛውንት ናቸው። አንድ ቀን ኩሌ አጥንት ይዛ ስታጉረመርም ልቆጣት ስል እጄን ያዙኝ።

"ተው ልጄ፣ አትቆጣት።"

"አባባ፣ ዳማን ልትነክስ እኮ ነው።"

"ልትነክስማ ብትፈልግ አትነግርህም ነበር። አሁን እየነገረቻት ነው። ይህን ካስተውካት ዝም ብላ የምትናከስ ውሻ ታሳድጋለህ።"

የእንስሳት ጠባይ ባለሙያዎች በብዙ ገጽ የሚያስረዱትን ሽማግሌው በጥቂት ቃል ጨረሱት። ማጉረምረም የውሻ ንግግር ነው፤ በትዕግሥትና በንክሻ መካከል ያለ ድንበር ላይ ቆሞ የሚነገር ማስጠንቀቂያ ነው። የሚያጉረመርመውን የሚመታ ሰው ቁጣውን አያጠፋም፣ ማስጠንቀቂያውን ብቻ ያጠፋል። በቤታችንም ልጆች ሲያኮርፉ "ምን ሆነህ ነው ፊትህን የምታጠቁረው" ብለን ፊቱን የምንከለክልበት ጊዜ አለ፤ ፊቱ ይፈታል፣ ቅሬታው ግን ውስጥ ይቀራል። ዳማ ያን ቀን የእህቷን ድምፅ ሰምታ አንገቷን አዙራ ሄደች። ማስጠንቀቅ ተፈቀደ፣ መስማትም ተሳካ፤ የእኔ ድርሻ አጥንቱን ለሁለቱም በየቦታቸው፣ በር ዘግቼ መስጠት ሆነ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንዲሉ፣ በትንሹ ያልተደፈነ ቀዳዳ ነው በኋላ ትልቁን ጠብ የሚያስገባው።

ጠቡ ከተነሣ ደግሞ በመካከል እጅ መስደድ አይገባም። በዚያ ሰዓት ውሻዋ እጅን ከጥርስ አትለይም። ሰፊ ጣውላ ወይም ወንበር በመካከላቸው ማስገባት፣ ውኃ መርጨት፣ ብረት አንኳኩቶ ማስደንገጥ ይሻላል። ከተላቀቁ በኋላ ለየብቻ በየክፍላቸው ማሳረፍ ያስፈልጋል፤ የተቆጣ ሰውነት ለመብረድ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈልጋል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂድ፤ የእብድ ውሻ በሽታ አሁንም ሰው በሚገድልበት አገር ላይ ነን፣ የውሾቹም ክትባት ሊዘለል አይገባም። ሰላም የነበራት ውሻ ድንገት ጠበኛ ከሆነች ደግሞ ሕመም ይኖርባት እንደሆነ ማስመርመር ተገቢ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያነሣው ጥያቄ አለ፤ ከሁለቱ አለቃዋ ማን ናት? አለቃዋን ለይተህ አክብራት፣ ሌላዋ ትገዛለች ይላሉ። ሐሳቡ ረዥም ታሪክ አለው። ሩዶልፍ ሼንክል በ1947 እ.ኤ.አ. በባዝል ከተማ ታጥረው የሚኖሩ ተኩላዎችን ተመልክቶ ስለ ማዕረግ ሽኩቻቸው ጻፈ። ዴቪድ ሜችም በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ይህን አስተሳሰብ ይበልጥ አሰራጨው። ሜች በኋላ በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በኤልስሚር ደሴት፣ ነጻ ተኩላዎችን ለብዙ በጋ ተከታተለ፤ በ1999 እ.ኤ.አ. የጻፈውም ከቀድሞው የተለየ ነበር። የተኩላ መንጋ አብዛኛውን ጊዜ እናት፣ አባትና ልጆቻቸው ናቸው። መሪዎቹ ወላጆች ናቸው፤ ልጆቹም ዕድሜያቸው ሲደርስ ለዙፋን ሳይታገሉ የራሳቸውን ኑሮ ፍለጋ ይወጣሉ። ያ የማዕረግ ትግል የታየው መውጫ በሌለበት አጥር ውስጥ፣ ባልተመራረጡ እንስሳት መካከል ነው። የእኛም ግቢ ታጥሯል፤ የእኛም ቡችሎች አልተመራረጡም። ከሜች ሥራ የምወስደው ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ ጠበኝነታቸውን ከማየቴ በፊት አጥሩን ማየት አለብኝ።

የደም ድርሻ የለም ማለቴ አይደለም። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር በአሜሪካ ሜይን ግዛት፣ ባር ሃርበር በሚገኘው የጃክሰን ቤተ ሙከራ፣ አምስት ዓይነት የውሻ ዝርያዎችን ለዓመታት አሳድገው በ1965 እ.ኤ.አ. ትልቅ መጽሐፍ አወጡ። ከሙከራዎቻቸው አንዱ ለሁለት ቡችሎች አንድ አጥንት ሰጥቶ ማን ይዞት እንደሚቆይ መመዝገብ ነበር። በባሴንጂና በፎክስ ቴሪየር ዘንድ አንዱ ሌላውን ፈጽሞ መርታቱ ጎልቶ ታየ፤ በቢግልና በኮከር ስፓኒየል ዘንድ ግን ነገሩ የላላ ነበር። ዝርያቸው የማይታወቅ የእኛ ሰፈር ውሾች ከየትኛው እንደሚመደቡ አስቀድሞ የሚናገር የለም። በግቢያችን የማየው ግን አጥንት ላይ የምታይለው ኩሌ ጥላ ያለበትን ቦታ ለዳማ ስትለቅ ነው። ሁሉን የምትጠቀልል አለቃ የለችም። ይህን ያህል የሚለዋወጥ ነገር ላይ ዘውድ ጭኖ አንዷን ንግሥት ማድረግ የእኛ ፍላጎት እንጂ የእነሱ አይመስለኝም።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። እነዚያው ተመራማሪዎች ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ቡችላ ወገኑ ማን እንደሆነ የሚማርበት መሆኑን አሳይተዋል። ያን ጊዜ እህት ብቻዋን ከሞላችው፣ ሰውና መንገድ ዘግይተው የሚደርሱ እንግዶች ይሆናሉ። ውሻ አሠልጣኞች አብረው ያደጉ የአንድ እናት ቡችሎች የሚያሳዩትን መጣበቅና ጠበኝነት ልክ እንደ በሽታ በአንድ ስም ይጠሩታል፤ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ በሽታ አይደለም፣ ከአንድ ማሕፀን የወጡ ሁሉ ይጣላሉ ማለትም አይደለም። የሚሉትን መጣበቅ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ኩሌ ከዳማ ጋር መንገድ ስትወጣ የታክሲ ጥሩምባ ቢያስደነግጣት የምትመለከተው ዳማን ነው፤ ዳማ ከሮጠች ትሮጣለች፣ ዳማ ከጮኸች ትጮኻለች። ብቻዋን ስትወጣ ግን በመጀመሪያ ትርበደበዳለች፣ ከዚያ ቀና ብላ እኔን ታያለች፣ ከዚያም ራሷ ታሸታለች፣ ራሷ ትወስናለች። ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ የተኛውን የሰፈር ውሻ ዞራ ማለፍን የመረጠችው ብቻዋን በሄደችበት ቀን ነው። ያቺን ኩሌ ከዚያ በፊት አላውቃትም ነበር። እሷም ራሷን አታውቅም ነበር ብል አላጋንንም።

ስለዚህ በየተራ ብቻቸውን ይወጣሉ፤ ለየብቻ ይበላሉ፤ ትምህርታቸውም ለየብቻ ነው፤ ሲተኙ አንዷ የሌላዋን ድምፅ እየሰማች በተለያየ ቦታ ይተኛሉ። መነጠሉ በጥቂት ደቂቃ ተጀምሮ እያደር ይረዝማል፤ ከዚያም አብረው የሚጫወቱበት ሰዓት ይመጣል። የቀረችዋ በሩን እየቧጠጠች ስትጮህ መሄድ ልብ ይነካል። ጎረቤትም "ምን አድርጋችኋት ነው?" ይላል። ጩኸቱ ግን ልክ እንደ ፍቅር ቢሰማም ፍርሃትም አለበት፤ ያለ እህቷ መኖር እንደምትችል ገና አላወቀችም። ሁለት የሚፈሩና የሚጣበቁ ፍጥረታት በጣም ቅርብ ሆነው ሳለ እርስ በርሳቸው ቦታ ያጣሉ፤ ብዙው ጠብ የሚወለደውም እዚያ ነው። አንዷ ለራሷ የሚበቃ ነገር ሲኖራት፣ የራሷ መንገድ፣ የራሷ ሰዓት፣ ከሰው ጋር የራሷ ትውውቅ፣ በር ላይ የምትታገልበት ምክንያት ይቀንሳል።

ይህን ስጽፍ አምባ ግሸን ትዝ ይለኛል። ታሪካችን ወንድማማቾችን በመለየት ሰላም ለማግኘት ብዙ ደክሟል። የነገሥታት ወንዶች ልጆች ዙፋን ላይ ያለው ዘመዳቸው እንዳይሰጋ ወደ አምባው ይወጡ ነበር። ልማዱ እስከ 16ኛው መቶ ዘመን ጦርነት ቆየ፤ በጎንደር ዘመንም በወህኒ አምባ ላይ ታደሰ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ራሳቸው ከአምባ ወርደው ነው በ1434 እ.ኤ.አ. የነገሡት። ያ መለያየት እርስ በርስ ጦርነትን አንዳንዴ አስቀርቶ ይሆናል፤ ማንንም ግን ወንድም አላደረገም። ላይ ያለው ታች ያለውን በቅናት፣ ታች ያለው ላይ ያለውን በሥጋት ያስበው ነበር። በከተማችን በብዙ ግቢ የዚህ ትንሽ ቅጂ አለ። ሁለት ውሾች ሲጣሉ ብርቱዋ ትለቀቃለች፣ ደካማዋ ጓሮ በሰንሰለት ትታሰራለች፤ እዚያው ትበላለች፣ እዚያው ታረጃለች። ይህን ማየት አልወድም፣ ሰላም ብዬ መጥራትም አልችልም። እኔ የምለው መለያየት ለሁለቱም የሚደርስ፣ በተራ የሚለዋወጥ፣ መመለስ ያለበት ነው። የተነጠለችው ለቅጣት አልተነጠለችም፤ በተነጠለችበት ሰዓት የእሷ ብቻ የሆነ ሰው አጠገቧ አለ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የማይሆን ጊዜ አለ። ውሻ ሙሉ ጠባይዋ የሚወጣው ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ በቡችላነት የተዋደዱ እህትማማቾች ያኔ ቁስላቸው እየጠለቀ የሚሄድ ጠበኞች ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ከሆነ አንዷን ሌላ ውሻ ለሌለበት፣ ለሚታወቅና ለሚታመን ቤት መስጠት ይገባል። አንዳንዶች ይህን እንደ ክህደት ያዩታል። ክህደት የሚሆነው በሌሊት በመኪና ወስዶ ከከተማ ዳር መጣል ነው፤ ያን የሚያደርግ ሰው ስለ ውሻ ፍቅር ባያወራ ይሻላል። የምታድርበትን ደጅ፣ የሚያበላትን እጅ አይቶ መስጠት ግን ከጓሮ ሰንሰለት ይልቅ እሷን ማክበር ነው። አብረው መኖር ያልቻሉ ሁሉ አብረው እንዲኖሩ የመገደድ ዕዳ የለባቸውም።

ዳማና ኩሌ እዚያ አልደረሱም፤ አሁንም አልፎ አልፎ ያጉረመርማሉ፣ አልፎ አልፎም ይላፋሉ። ብቻቸውን እንዲቆሙ መልፋቴን የማልተውበት አንድ ምክንያት ይቀረኛል። ዕድሜያቸው እኩል ነው፤ በአንድ ሌሊት ተወለዱ እንጂ በአንድ ሌሊት አይሞቱም። ደህና የተያዘ ውሻ አሥር፣ አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ዓመት ይኖራል፤ ከሁለቱ አንዷ ቀድማ ትሄዳለች፣ ሌላዋም ከዚያ በኋላ ወራት ወይም ዓመታት ትቀራለች። ዕድሜዋን ሙሉ የእህቷ ግማሽ ሆና የኖረች ውሻ ያኔ በሩ ሲከፈት ማንን ተከትላ እንደምትወጣ አታውቅም። ስለዚህ ዛሬ ዳማ ከውስጥ ብትጮህም ኩሌን ይዤ እወጣለሁ፤ ነገ የዳማ ተራ ነው።